የሽማግሌዎች ፔሪዮዲክ ቴብል

ሰው ሰውን ሳይመድብ አይውልም። እኔ የአርባ ምንጭን ባጃጅ ነጂዎች፣ መንገድ የሚያውቁና እኔኑ መንገድ የሚጠይቁ ብዬ ከከፈልኳቸው ቆይቷል። እናንተም ዘመዶቻችሁን ለሰርግ የሚጠሩና ለለቅሶ ብቻ የሚበቁ ብላችሁ ሳትከፍሉ አትቀሩም፤ አትካዱ። ጓደኛዬ እስራኤል ግን የኬሚስትሪ መምህር ስለሆነ የሚመድበው በሳይንስ ነው። ይኸው ሳይንሱ ሚስት ሊያሳጣው ነበር።

እንደ እሱ አባባል፣ የፔሪዮዲክ ቴብሉ የመጀመሪያ ምድብ ብረቶች፣ እነ ሶዲየም፣ ዳር ላይ ያለችውን አንዲት ኤሌክትሮናቸውን ለሰው ለማሸከም የሚጣደፉ፣ ውኃ ሲነካቸው እንኳ የሚንጫጩ ናቸው። አሥራ ሰባተኛው ምድብ፣ እነ ክሎሪን፣ አንድ ኤሌክትሮን ስለጎደላቸው ካገኙት ሁሉ ይነጥቃሉ። አሥራ ስምንተኞቹ ደግሞ ምንም ያልጎደላቸው፣ ማንም ጋ የማይደርሱ፣ ሰላምታ እንኳ በግድ የሚመልሱ ጋዞች ናቸው። እኔን ከእነዚህ ጋር መድቦኛል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ባለመጠየቄም «ይኸው!» አለኝ።

ታዲያ እስራኤል አብራው የምታስተምረውን የባዮሎጂ መምህርት ምሕረትን ወደደ፤ እሷም ወደደችው። የቀረው ሽማግሌ መላክ ነው። ጭንቀቱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። በእሱ በኩል አጎቱ አቶ ሻንቆ፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለሙ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሙዙን ሳይቀር የሚቆጡ፣ የለየላቸው ሶዲየም። በእሷ በኩል አክስቷ ወይዘሮ አማረች፤ ሲቀላ ገበያ የጫሞ ሐይቅን ዓሣ የሚሸጡ፣ ባል የሞተባቸው፣ የተከራከራቸውን ከነአጥንቱ የሚውጡ ክሎሪን። ሁለቱ ከተጋጠሙ ሰርጉ ቀረ ማለት ነው።

ሽማግሌ በዕድሜ ቅደም ተከተል እንደሚቀመጥ አገር ያውቃል። እስራኤል ግን ለምሕረት ነግሯት፣ በእነ ምሕረት ቤት ወንበሩ ሁሉ በምድብ ተደረደረ። አጎትየው በአንድ ጥግ፣ አክስትየው በሌላው ጥግ፣ መሀል ላይ እኛ ጋዞቹ። ቃል አቀባይ ያደረገው ደግሞ ከእኔ የባሱ ዝምተኛ የሆኑትን የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ነው። አጎቱን ትንፍሽ እንዳይሉ ቃል አስገባቸው። ራሱ በአካባቢው ካለ ጁስ ቤት ተቀምጦ መልሳችንን ይጠብቃል።

ምንም አልተፈጠረም። በእውነት ምንም! ለስላሳችንን ጠጣን። ስለ ዝናብ እንኳ የሚያነሳ ጠፋ። የልጅቷ አባት አቶ ጴጥሮስ የመጣንበትን እስክንናገር በትዕግሥት ጠበቁ፣ ጠበቁና «ለጸሎት ነው የመጣችሁት?» አሉ። ቃል አቀባያችን ግልግል ያገኙ መሰለኝ፣ «አዎ» ብለው ተነሡ። ጸለዩ። «አሜን» ተባለ። ሰው ባርኔጣውን መፈለግ ጀመረ። እኔ በሆዴ «በቃ፣ ልጁ ጉድ ሆነ» አልኩ። አልኩ እንጂ አፌን አልከፈትኩም፤ ምድቤ አይፈቅድማ።

አቶ ሻንቆ ግን ፈነዱ። «ልጅ ልንጠይቅ መጥተን አሜን ብለን እንሂድ እንዴ?»

«ለሚጮህ ሰው ቤት ልጃችንን አንሰጥም!» አሉ ወይዘሮ አማረች፣ በእኔ ራስ ላይ አሻግረው።

«የምጮኸው የሚመልስልኝ ሰው ስለሌለ ነው!»

«እኔስ ማን አለኝና?»

ከዚያ ሁለቱ እኛን ረስተው ቀጠሉ፤ ስለ ሙዝ ዋጋ፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ብቻ መብላት፤ ቀስ በቀስ ድምፃቸው ዝቅ እያለ ሄደ። መሀል መቀመጡ ስላሳፈረኝ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። ሶዲየም ብቻውን እሳት ነው፣ ክሎሪን ብቻውን መርዝ ነው፤ ሲገናኙ ግን ወጥ የሚያጣፍጥ ጨው ይሆናሉ። ይህን ማንም ተማሪ ያውቃል። መምህሩ ነው የረሳው።

በሳምንቱ አቶ ሻንቆ ሽማግሌ ላኩ፤ ለራሳቸው! አቶ ጴጥሮስ ሁለቱንም ጥያቄ በደስታ ተቀበሉ፤ «ግን በእኛ ቤት ታላቅ ሳትዳር ታናሽ አትዳርም፤ መጀመሪያ እህቴ አማረች ትዳር» አሉ። እስራኤልም ለራሱ ሰርግ ያሰፋውን ሱፍ ለብሶ የአጎቱ ሚዜ ሆነ። ምሕረት የአክስቷ ሚዜ ሆና አጠገቡ ቆመች።

«ካታሊስት ማለት እኔ ነኝ» አለኝ፣ ፎቶ ሲነሡ ጠጋ ብሎ። «ሌሎቹን አዋህዶ ራሱ እንደነበረ የሚቀር።»

ምሕረት ሰማችው። ክራቫቱን አስተካከለችለትና «ካታሊስት እኮ» አለችው፣ «አንድ ጊዜ ስለሠራ አይጣልም።»