ጨርቅ ጨርቅ ይውለድ

መርካቶ ውስጥ «ዕቃ» የማይባል ነገር ካለ ንገሩኝ። ጨርቅ ዕቃ ነው። ሳሙና ዕቃ ነው። ገና ከጂቡቲ ያልተነሳ ኮንቴይነርም ዕቃ ነው። ነጋዴው ስልኩን አንስቶ «ዕቃው ገባ?» ሲል ከወዲያ ያለው ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ አጠገቡ ቆመን የምንሰማው እኔና እናንተ ግን ወሬው ስለ ዣንጥላ ይሁን ስለ ሻማ ፍንጭም አናገኝም። እንዲህ ያለ ሁሉን ጠቅላይ ቃል ለሰው ይመቻል። ለኮምፒዩተር ግን ጉድ ነው።

ነገሩ የሆነው ኮምፒዩተር ያለው ሰው በዳንቴል ሸፍኖ በሚያስቀምጥበት፣ ሞባይል የያዘም ቀበቶው ላይ ሰክቶ በሚንጎራደድበት ዘመን ነው። እኔና ሰሚራ ፕሮግራም መጻፍ አብረን ተምረን፣ አብረን ተመርቀን፣ አብረን ሥራ ፈትተን ነበር። የሰሚራ አባት ሐጂ ሸምሱ ሲኒማ ራስ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ከሱቁ በላይ ባዶ ቆጥ አለ። ሰሚራ ያንን ቆጥ ቢሮ ልታደርገው ቋመጠች። ሐጂ ደግሞ ልጃቸው ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ሱቁን እንድትረከባቸው ነው የሚፈልጉት።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ፣ «የምትሉት ፕሮግራም ሱቄ ውስጥ አንድ ቀን ሳያሳፍረኝ ከዋለ ቆጡ የናንተ ነው። ካሳፈረኝ ግን፣ ሰሚራ፣ ጨዋታው በቃ። ነገ ሜትሩን ትይዣለሽ።»

ፕሮግራሙን ስንጽፍ «ዕቃ» የሚባል አንድ ወላጅ ንድፍ አበጀን፤ በሙያው ቋንቋ ክላስ ይሉታል። ስም አለው፣ ዋጋ አለው፣ የሚቆጠረው በፍሬ ነው። ከሱ የሚወርሱ ልጆችም አበጀን፦ ጨርቅ በሜትር የሚለካ፣ ክር በጥቅል የሚሸጥ፣ የልብስ ቁልፍ በደርዘን የሚሄድ። ቤት ውስጥ ስንሞክረው እንደ ሰዓት ሠራ። እኛም ኮምፒዩተሩን በታክሲ ጭነን፣ ጭንቅላቱን፣ ማለቴ ስክሪኑን፣ እኔ ታቅፌ፣ መርካቶ ገባን።

እስከ ምሳ ሰዓት ሰላም ነበር። ከምሳ በኋላ አዲስ የመጋረጃ ጨርቅ ገባ። ሰሚራ የድሮውን ጨርቅ መርጣ «እንደዚህ ያለ ሌላ» የሚለውን ተጫነች፤ አዲሱ ተመዘገበ። ብዙም ሳይቆይ ልጃቸውን ሊድሩ ሽር ጉድ የሚሉ እትዬ አስካለ የሚባሉ ደንበኛ መጡና ከዚሁ ከአዲሱ ጨርቅ ሦስት ሜትር ተኩል ጠየቁ። ማተሚያው ተንጫጫ። ወረቀቱ «መጋረጃ፣ ሦስት ፍሬ» ይላል። ሦስት ሙሉ ጣቃ!

እትዬ አስካለ ወረቀቱን ራቅ አድርገው አነበቡት። «ልጆቼ፣ እኔ እኮ የማስጋርደው ባለ አንድ መስኮት ሳሎን ነው፤ ቤተ መንግሥት አደረጋችሁት እንዴ?»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ ብቻ አልሳቁም። ኮፍያቸውን አስተካከሉና «አሱር ሰግጄ እመለሳለሁ» አሉ። «ስመለስ ወይ ይሥራ፣ ወይ ይነሳ።» ወጡ።

የሰሚራ ፊት አመድ መሰለ። እኔ በየመስመሩ ስራወጥ እሷ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ድንገት ክንዴን ጨበጠችው። «ማነው አዲሱን የሚፈጥረው?»

«‹አዲስ ፍጠር› የሚለው ትእዛዝ ነዋ።»

«የት ነው የጻፍነው?»

«ወላጁ ላይ። ልጆቹ ይወርሱታል።»

«አየህ! ወላጁ የሚያውቀው ራሱን ብቻ ነው። ጨርቁን ‹አንተን የመሰለ ሌላ ስጠኝ› ስንለው፣ የወረሰው ትእዛዝ ዕቃ ይፈጥርለታል። ዕቃ ደግሞ ሜትር አያውቅም፤ ተኩሏንም ቆርጦ የጣላት ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ዓይነት ራሱ ይፍጠር! ጨርቅ ጨርቅ ይውለድ፣ ክር ክር ይውለድ!»

እመኑኝ፣ ፀጉሬ ቆመ። ወላጁ ላይ «አዲስ የመፍጠር ግዴታ አለባችሁ» የሚለውን ቃል ብቻ ተውን፤ እንዴት እንደሚፈጠር ለየልጁ አንድ አንድ መስመር ሰጠን። ሰሚራ ትጽፋለች፣ እኔ ከትከሻዋ ላይ ነጠላ ሰረዝ እለቅማለሁ፣ እትዬ አስካለ ጣቃ ላይ ተቀምጠው «በርቱ» ይሉናል። መጋረጃውን እንደገና አስገባን። ተጫነች። «መጋረጃ፣ ሦስት ሜትር ተኩል።»

ሁለታችንም ጮኽን። ከልባችን ጮኽን!

መርካቶ ውስጥ ሰው ሲጮህ ደግሞ የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሌባ! የታለ? ያዛችሁት?» እየተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ግር ብሎ ገባ። ከፊት የቀደሙት ጎናችን ሚስማር የሚሸጡት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ መዶሻ ይዘዋል።

«ሌባ የለም፣ ጋሼ። ጨርቁ ጨርቅ ወልዶ ነው» አልኳቸው። መዶሻውን ዝቅ አድርገው በሐዘኔታ አዩኝ።

ሐጂ ሲመለሱ ሱቃቸው በሰው ታጭቋል። እትዬ አስካለ ወረቀታቸውን አውለበለቡላቸው። ሐጂ አነበቡ፣ ገለበጡ፣ ጀርባውንም አዩ። ከዚያ ገና ያልተፈታ እሽግ በጣታቸው አሳዩን። «ይሄ የትራስ ልብስ ነው። በጥንድ ነው የምሸጠው። ይሄንንስ ያውቀዋል?»

አያውቀውም። ነገር ግን ሰሚራ ፈገግ ብላ አንድ አዲስ ልጅ ጨመረች፤ በጥንድ የሚሸጥ፣ የራሱን ዓይነት ራሱ የሚፈጥር። ከድሮው ጽሑፍ አንዲት ፊደል አልነካችም። ተጫነች። «የትራስ ልብስ፣ ሁለት ጥንድ» ብሎ ወረቀቱ ወጣ። ሰዉ አጨበጨበ፤ ለምን እንደሚያጨበጭብ ያውቅ እንደሆነ ግን እንጃ።

ሰሚራ ወደ አባቷ ዞረች። «እንግዲህ አባ፣ ቆጡ...»

ሐጂ አልሰሟትም። ለካ እኛ ስንፈነድቅ እሳቸው ከጋሽ ወልዴ ጋር ጥግ ይዘው፣ ጨረታ ላይ እንዳለ ደላላ፣ በኛ ስም ተደራድረው ጨርሰዋል። «ሰኞ ለሱም ትተክሉለታላችሁ» አሉን፤ «ቃል ሰጥቻለሁ። ቆጡን ዛሬውኑ ጥረጉት።»

እልል ልንል ስንል ጋሽ ወልዴ መዶሻቸውን ብብታቸው ሥር እንደያዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ጋ ግን ሚስማር በኪሎም ነው፣ በካርቶንም ነው፣ ለወዳጅ ደግሞ በፍሬ።»

እኔ ላብ አጠመቀኝ። ሰሚራን ዘወር ብዬ ባይ ዓይኗ እንደ ፋኖስ በርቷል፤ የቆጡን መሰላል መውጣት ጀምራለች፣ ከላይ ሆናም ትጠይቀኛለች፦ «አንተ፣ ሚስማር ከማን ይውረስ?»

መጥረጊያ ይዤ ተከተልኳት።