በመሀል የሚጠፋው

ዓይናለምና ባሏ ይርጋ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ቤት አላቸው። እሱ ይቀርጻል፤ እሷ ኮምፒውተር ላይ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። ሰኔ ላይ የእሷ ስክሪን መጥፋት ጀመረ። ሙሽራዋ እየሳቀች ሳለ ድርግም ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይበራል።

ዓይናለም ለመናገር አልቸኮለችም። እሑድ ኮምቦልቻ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ይርጋ አልጠየቀም፤ እሷም አልነገረችውም። ጥር ላይ የአምስት ወር ጽንስ ሲያስወርዳት ሆስፒታል ያደረሰቻት ጎረቤቷ ነበረች። እሱ ገጠር ሰርግ እየቀረጸ ስልኩ ጠፍቶ ነበር። ከተመለሰ ወዲህ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አላለም። ብቻ እያወሩ በመሀል ፊቱ ይጠቁራል፤ እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ ይጠፋባታል። አንድ ቀን እሷ ጠረጴዛዋን ከእሱ ጎን አንስታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። «ብርሃን ፈልጌ ነው» አለች። ኮምፒውተሩ ከባድ ስለሆነ እሱ ዘንድ ቀረ፤ ስክሪኑ ብቻ ተከተላት።

አርብ ከሰዓት በኋላ ጉም ከተማውን ሸፈነው። ሱቁ ከመሬት ተነስቶ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር።

«ይሄ ነገር ይጠፋል» አለች ፊቷን ሳታዞር።

ይርጋ ካሜራውን አስቀመጠ። «መቼ መቼ?»

«ደስ ባለው ጊዜ።»

«ምንም ምልክት ሳያሳይ?»

«ምን ሲያሳይ አይቼ አውቃለሁ?»

መብራቱ ይሆናል ብሎ ሶኬት ቀየረ። ጠፋ። ስክሪኑ ሥራ ሲፈታ እንዲተኛ የሚያደርገውን ትእዛዝ ሰረዘ። «ከእንግዲህ አይተኛም» አለ።

«እኔስ መቼ ተኛሁ» አለች።

አሁንም ጠፋ። ይርጋ ነቀለውና አቅፎ ጎረቤት ፎቶ ቤት ወሰደው። እዚያ አንዴ እንኳ ሳይጠፋ ቆየ። ጉሙ ፀጉሩ ላይ ጤዛ ሆኖበት ተመለሰ።

«ሰው ቤት ደህና ነው» አላት።

«ሰው ቤትማ ሁልጊዜ ደህና ነው።»

መልሶ ሰካው። ሙሽራዋ መጣች፣ መጋረጃዋን ገለጠች፤ ወዲያው ድርግም። ጥቁሩ መስታወት ላይ ሁለቱ ታዩ፤ እሷ ተቀምጣ፣ እሱ ከኋላዋ ቆሞ። ማንም ያላነሳው ፎቶ ይመስል ነበር። የተነቃነቀ እንደሆነ የሚበላሽ ይመስል፣ ሁለቱም ባሉበት ቀሩ።

«እንግዲያ ጥፋቱ ከእሱ አይደለም?» አለች ቀስ ብላ።

«ከእኔ ነው እንጂ» አለ ይርጋ። «ያን ቀን ስልኬ የጠፋው ባትሪ ጨርሶ አይደለም፤ ዓይኔ። ስልኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሙሽሮቹ ቃል ኪዳን ሲገቡ እንዳይጮህ ብዬ አጠፋሁት፤ ከዚያ ረሳሁት። ይሄንን በየት አፌ ልንገርሽ?»

ዓይናለም እስካሁን በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ስታየው ቆይታ፣ አሁን ዞራ አየችው።

«ሴት ነበረች» አለች።

ይርጋ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እሷም ከወንበሯ ወርዳ አጠገቡ ሆነች። ጥር ላይ ያልተለቀሰው ለቅሶ ያን ጊዜ ተለቀሰ። ውጭ አንድ ጋሪ ደወሉን እያሰማ አለፈ፤ ጉሙ ውስጥ ፈረሱ አይታይም ነበር።

ሲረጋጉ የይርጋ እጅ የስክሪኑን ገመድ ነካ። ከእሱ ጠረጴዛ እስከ እሷ ጠረጴዛ እንደ ጅማት ተወጥሮ፣ ኮምፒውተሩ ጀርባ ያለው ጫፉ ተንጠልጥሏል።

«ገመዱ ላልቶ ነው» አለ። «አጭር ሆኖ እንዳይመስልሽ። ተራርቀንበት ነው።»

ዓይናለም ተነስታ የጠረጴዛዋን አንድ ጫፍ ያዘች፤ እሱ ሌላውን። ከእሱ ጎን አስጠጉት። ስክሪኑ በራ፤ በርቶም ቆየ። ይርጋ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ የገመዱን ማጥበቂያ ብሎን በጣቱ ያዞር ጀመር።

«እህቴ ዘንድ ደርሼ እስክመጣ ይጠብቃል?» አለች ከላይ።

ከሥር የብሎኑ ድምፅ ለአፍታ ቆመ።

«ይጠብቃል» አለ።