በመቃብር ላይ ያለፈው መስመር

ሰው ጥሎት የሄደ መንደር ጨርሶ አይጠፋም። ጎጆው ይፈርሳል፤ ጣሪያውን ነፋስና ምስጥ ይከፋፈሉታል። ወለሉ የነበረበት ክብ ቦታ ግን ለብዙ ዓመት ሣሩ ለብቻው ይለመልማል፤ አጥር የነበረው ቁልቋልም የሚጠብቀው ቤት ሳይኖር ዘብ እንደቆመ ይቀራል። ይህን የምነግራችሁ አንብቤ አይደለም። መንደር ከሚያስለቅቁት ሰዎች አንዱ ስለነበርኩ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ገበሬው ከየተበታተነበት ተነሥቶ በአንድ መንደር ይሰብሰብ በተባለ ሰሞን፣ እኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ከቀያሾች ጋር ችካል ተካይ ነበርኩ። ችካል መትከል ትልቅ ሥራ አይደለም። እኔ ግን ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ዘመን ተለወጠ፤ እኔም ካዛንቺስ ገብቼ የአንድ መሥሪያ ቤት ንድፍ ሠራተኛ ሆንኩ። ጎረቤቴ ጋሽ ሸምሱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አገራቸው ከቡታጅራ ወዲያ ነው። አንድ ቀን ሱቃቸው በር ላይ አስቆሙኝና እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ መሬት የተማርክ ሰው ነህ። የእናቴን መቃብር ፈልግልኝ። ስትሞት እኔ ሰሜን ዘምቼ ነበር፤ ስመለስ መንደሩን አንሥተውታል። አባቴንም እዚህ አምጥቼው፣ እዚሁ አረፈ። ጉልበቴ ሳይከዳኝ ድንጋይ ላቁምላት።»

እሑድ በሚኒባስ ሄድን፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በእግር። እስከ ጉብታው ጫፍ ድረስ ምንም አልጠረጠርኩም፤ ያኔ ያላዳረስነው ቀበሌ ስለሌለ፣ የአንዱም ስም አእምሮዬ ውስጥ አልቀረም። ጉብታው ላይ ስንወጣ ግን ሁለት ረድፍ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ሲወርድ አየሁ። ያኔ ችካል የተከልኩበት የኔ መስመር ነበር። አዲሱም መንደር ኦና ነው፤ መንግሥት ሲወድቅ ሰዉ ቆርቆሮውንና እንጨቱን ነቅሎ ሄዷል። ሁለት ባዶ መንደር አንዱ በአንዱ ላይ ተኝቷል፤ የጥንቱ ክብ ክብ፣ የኛው እንደ ተማሪ ዴስክ የተሰለፈ።

ጋሽ ሸምሱ ጎንበስ ብለው ሦስት ጉልቻ አገኙ። «ይኸው ቤታችን» አሉ። መቃብር ግን የለም። ሦስት ጊዜ ዞርን።

እኔ አውቀው ነበር። ከጉልቻው ወዲያ ካለው የጽድ ጉቶ በታች፣ መስመሩ ስር ነው። ችካሉን በተከልኩበት ቀን አንድ አዛውንት እጅጌዬን ይዘው፣ «ልጄ፣ ሃያ እርምጃ ብቻ ወደዚያ አድርገው፤ እዚህ ሚስቴ አለች» ብለውኝ ነበር። «አባባ፣ ፕላኑ ጸድቋል» አልኳቸው። መጽደቁን አላውቅም። አለቃዬን ልጠይቅ ብል ሃምሳ ሜትር መራመድ ነበረብኝ፤ ፀሐዩ ደግሞ ከባድ ነበር። የመቃብሮቹ ድንጋይ ተለቅሞ መንገዱ ላይ ተነጠፈ።

ጋሽ ሸምሱ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን ጠረጉ። «በቃ፣ እንሂድ» አሉኝ።

ይኸኔ ሰው ቢሆን ይናገር ነበር። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ወዲያና ወዲህ አልኩ፤ እንደ አዋቂ ጣቴን ወደ ጉቶው ግርጌ ቀሰርኩና «ከመሬቱ አቀማመጥ ሲታይ፣ እዚህ ሳይሆን አይቀርም» አልኳቸው። ምንም አልጠየቁኝም። ድንጋይ በእጃቸው ተሸክመው አመጡ፣ አቆሙ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። እኔም እጄን ዘረጋሁ። ከበደኝ።

ሰፈር እንደተመለስን ወሬው ተዛመተ። «መማር እንዲህ ነው» ተባለልኝ። ጋሽ ሸምሱም ኮት ልስፋልህ አሉኝ። ሁለት ሳምንት ቻልኩት። በልክ ሙከራው ቀን፣ ያላለቀውን ኮት እንደለበስኩ፣ አመለጠኝ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ያኔ ችካሉን የተከልኩት እኔ ነኝ።»

አፋቸው ውስጥ የነበረውን ስፒል አውጥተው ትከሻዬ ላይ ሰኩት፤ በቀስታ፣ እንዳይወጋኝ ተጠንቅቀው።

«ቦታውን ለይቶ የሚያውቀው አባቴ ነበር፤ ሌላው ያ ልጅ ነው» አሉ። «አባቴ እስኪሞት ስለ ልጁ ያወራልኝ ነበር። ጣትህን ስትቀስር ነው ያወቅኩህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ድንጋዩን ማቆም ነበረብኝ። ክንድህን ዘርጋ።»

ኮቱ ካለቀ ወር አልፎታል። ሱቃቸው ውስጥ ተሰቅሏል። እኔ ሥራ የምሄደው በባምቢስ በኩል ዞሬ ሆኗል፤ ሩቅ ነው፣ ግን ለጤና ጥሩ ነው እላለሁ። ትናንት ባለቤታቸው መንገድ ላይ አገኙኝና፣ «ከሸምሱ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አልተጣላንም» አልኳቸው።

እውነቴን ነው። ቢጣሉኝ ኖሮ ኮቱን እወስደው ነበር።