ለልክ የቆመ ሰው

ለልክ ያቆማችሁት ሰው ልብሱ የራሱ መስሎት ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ሰውየው ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ናቸው።

አባቴን የመንዝ ብርድ ማለዳ ቅዳሴ ላይ ያስለዋል። ስለዚህ የበጎቻችንን ጠጉር ፈትዬ ለፋሲካ ሹራብ ልሠራለት ቆረጥኩ። ሳያውቅ ልሰጠው ስለፈለግሁ፣ በቁመት እኩያው የሆኑትን ጋሽ ደምሴን ለካሁ። ለማን እንደሆነ ግን አፍሬ አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ጠዋት ማታ ብቅ ማለት ጀመሩ።

«የኔ ልጅ፣ አንገቱ እንዳያንቀኝ።»

ፈታሁት።

«ሆዱ ላይ ሰፋ ይበል። ፋሲካ እኮ ነው፤ ሥጋ አለ።»

አሁንም ፈታሁት። አንደበቴ እምቢ ማለት ሲያቅተው እጄ ምን ያድርግ? ሚስታቸው ደግሞ የገብስ ቆሎ ይዘውልኝ መጡ። ቆሎው ከተበላ በኋላ ሹራቡ እንዴት ይከለከላል?

ፋሲካ ግን ቀረበ፤ አባቴም ሳሉን አልተወም። በሆሳዕና ዋዜማ ጋሽ ደምሴ ያላለቀውን ሹራብ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሲያዩት፣ ዓይኔን ከክሩ ሳላነሳ «ጋሼ፣ ይሄ የአባቴ ነው» አልኳቸው።

ከደረታቸው ላይ አወረዱት። ከዚያ ሹራቡን በቀስታ መለሱልኝ።

«ምነው እስካሁን ዝም አልሽ? እሱ እኮ ቀጭን ነው። በዚህ ስፋት ብርዱን እንደ እንግዳ ልናስገባበት ነበር። በይ ተነሺ፣ እንደገና ለኪኝ» አሉና ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ቆሙልኝ።