ድርቆሽ የከመረ ሥራ አጥ

ሥራ አጥ መሆን ቀላል ነው የሚል ሰው ሞክሮት አያውቅም። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞክሬ አልተሳካልኝም። አትሳቁ... ልንገራችሁ።

ጊዜው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ያስነሳው ግርግር ነው። የሱሉልታ መንገድ ዛሬ ተዘጋ፣ ነገ ተከፈተ ስንባባል፣ ዕቃ መዝጋቢ የነበርኩበት ጫማ ፋብሪካ «እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ቆዩ» ብሎ አሰናበተን። ያውም ሽማግሌ ልልክ ጥቂት ሲቀረኝ።

የምልከው ሩቅ አይደለም። አከራዬ ኦቦ ገመቹ ዘንድ ነው፤ ከእኔ ክፍል እስከ እሳቸው በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ኦቦ ገመቹ ከብት አላቸው፣ ድርቆሽ ይሸጣሉ፣ ቦንቱ የምትባል ልጅም አለቻቸው። ከሆሳዕና መምጣቴንም፣ ጴንጤ መሆኔንም እንደ ምንም ዋጥ አድርገውልኝ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ግን «ሥራ ለሌለው ሰው ልጄን አልሰጥም» አሉ። አሉ፣ አለቀ።

ምን ላድርግ? ከዓይናቸው እንዳልጠፋ ብዬ በየጠዋቱ ድርቆሻቸውን እከምር ጀመር። ኮሌታዬ ውስጥ የገባው ሣር ብቻውን ለአንዲት ጥጃ ቁርስ ይበቃል። ኦቦ አጥር ሥር ቁጭ ብለው «ወደ ግራ ዘምሟል» ከማለት በቀር ምስጋና አያውቁም። ቦንቱ እርጎ ስታመጣልኝ እንኳ «ትልቁ ብርጭቆ ምን ያደርግለታል?» ይላሉ።

አንድ ቀን ታዲያ ወረቀት ያቀፈች ወጣት ወደ ግቢው ገባች። ሥራ ያለውንና የሌለውን ቤት ለቤት እየዞረች የምትመዘግብ ናት። ታክሲ ስላልነበረ ጫማዋ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ኦቦን ጠይቃ መዘገበችና ወደ እኔ ዞረች።

«ባለፉት ሰባት ቀናት አንድ ሰዓት እንኳ ሠርተሃል?»

አፌን ሳልከፍት ኦቦ ቀደሙኝ። «ሥራ የለውም። ሥራ አጥ ብለሽ ጻፊ።»

«ይቆዩ አባባ። ሥራስ ፈልገሃል?»

«በየት በኩል? መንገዱ ዝግ ነው።»

«ቢገኝ በዚህ ሳምንት ትጀምራለህ?»

«በዚህ ሳምንት እንኳ አይመቸኝም፤ ድርቆሹ አላለቀም።»

«እንግዲያው ሥራ አጥ አይደለህም» አለች።

በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም። «ሰሙ ኦቦ? ሥራ አጥ አይደለሁም።»

«ሥራ አለው ማለት ነው?»

«እሱም የለውም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ከሠራተኛው ኃይል ውጪ ነው፤ እንደ ጡረተኛ።»

ይህችን ልብ በሉልኝ። ሥራ አጥ ለመባል ሥራ መፈለግ ወይም ቢገኝ ለመጀመር መዘጋጀት ያሻል። መንገድ ሲዘጋ ፈላጊው ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል፤ እሱ ሲቀመጥ ሥራ አጡ ይቀንሳል። እናንተ ደግሞ በሬዲዮ «ሥራ አጥነት ቀነሰ» ሲባል ሰምታችሁ እሰይ ትላላችሁ። የቀነስኩት እኔ ነኝ፤ የትም አልሄድኩም፣ እዚሁ ሱሉልታ ነኝ።

ልጅቷ ግን እርሳሷን አላስቀመጠችም። «ቆይ... የማን ድርቆሽ ነው?»

«የኦቦ።»

«ስንት ሰዓት ትሠራለህ?»

«ከጠዋት እስከ ማታ።»

«ይከፍሉሃል?»

ኦቦ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔም ከኮሌታዬ ሣር መልቀም ጀመርኩ።

«ያለ ክፍያ የቤተሰቡን ሥራ የሚሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል» አለች። «ቤተሰብ ካልሆነ ግን ቅጥር ነው፤ ደመወዙ ስንት እንደሆነ ይነግሩኛል። ለመሆኑ አባባ፣ ቤተሰብዎ ነው?»

ቦንቱ ከማድቤቱ በር ብቅ አለች። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ «የየት ነህ?» ይለኝ ነበር እንጂ «የማን ቤተሰብ ነህ?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ኦቦ ክምሩን አዩ፣ ቦንቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተመልሰው ክምሩን አዩ። ሦስት ሳምንት ቀላል አይደለም፤ ክምሩ ከቤቱ ጣሪያ በልጧል።

«ኤዬ፣ አዎ» አሉ በመጨረሻ። «ቤተሰብ ነው።»

«ዝምድናው?»

«አማች። አማች ብለሽ ጻፊ። ሥራም አለው።»

ቦንቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ውስጥ ገባች። እኔ ያን ዕለት ሽማግሌ ለመላክ ስሮጥ የሱሉልታ ሯጮች ቢያዩኝ ይቀኑብኝ ነበር።

ተጋባን። ፋብሪካውም ተከፈተ። በየዓመቱ ድርቆሽ በደረሰ ቁጥር ግን ኦቦ ይጠሩኛል። ዘንድሮ ፈራ ተባ እያልኩ ስለ ክፍያ ባነሳባቸው፣ ከአጥሩ ሥር ሳይነሱ መለሱልኝ።

«ቤተሰብ አይደለህ? መንግሥት ጋ ተጽፏል እኮ።»