«ስሌይ» እና የሚካኤል ሙክት

የሰው ቃል እንደ ተዋሱት በቅሎ ነው፤ ጠባዩን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ። የኛስ አፍ ቢሆን መች ደግ ነው? የወደድነውን ሁሉ «አፈር ልሁንልህ» ስንል ውለን፣ ማንም ሳይቀበር በሰላም ወደ ቤታችን እንገባለን። ይህን ያስተዋልኩት ግን ፍዳዬን ካየሁ በኋላ ነው።

ልጄ ትርንጎ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። በቀደም እናቷ የላከችላትን ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ በኢንተርኔት ገጿ ላይ ለጠፈች፤ እኔም በስልኬ አየሁት። ከሥሩ ግሬስ የምትባል ሴት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ጽፋበታለች። እኔ ከዳዊት አላለፍኩምና ለጎረቤቴ ለመምህር ይመር አሳየሁት።

«ስሌይ ይላል» አለና መዝገበ ቃላቱን ገለጠ። ፊቱ ጠቆረ። «አብሽሩ ጋሼ... ማረድ ነው የሚለው።»

«ማንን?»

«እሱን አልጻፈችም።»

ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ኔትወርክ ይሆናል ብዬ ከመካነ ሰላም በላይ ያለውን ዳገት ወጣሁ፤ እዚያም ዝግ። እናንተ ብትሆኑ እህል ይወርድላችሁ ነበር? ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ደጅ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ዳዊቴን ብዘረጋም ዓይኔ ፊደሉ ላይ፣ ልቤ የልጄ አንገት ላይ ነው። ሲጨንቀኝ «ሚካኤል፣ ድምጿን አሰማኝና ሙክቴን ለዝክርህ አርዳለሁ» ብዬ ተሳልኩ።

በማግስቱ ደወለች። ስልክ የሚፈቀድላት ሥራ ስታበቃ ነው ለካ። ነገሩን ስነግራት ሳቋ አላቆም አለ።

«አባዬ ደግሞ! አማረብሽ ማለት እኮ ነው! ጎበዝ፣ በርቺም ይሉበታል። ሲሻቸው ለእሺም ያደርጉታል። ግሬስ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት፤ ይኸው አጠገቤ አለች።»

«አርዶ ማመስገን ምን የሚሉት ነው? ብቻ እንኳን ደህና ሆንሽ! ልሙትልሽ ልጄ፣ ልሙትልሽ!»

ከወዲያ የሰው እሪታ ሰማሁ። ግሬስ ከልጄ ጥቂት አማርኛ ለቃቅማ ኖሯል፤ «ሙት» የምትለዋን አሳምራ ታውቃለች። የትርንጎ አባት ሊሞት ነው ብላ ታለቅሳለች።

«ማንም አይሞትም በያት» አልኩ።

ዋሸሁ። ስለት ስለት ነው፤ ሚካኤልን «ፍቺው ሌላ ነበር» አይሉትም። ሙክቱን ስጎትት መምህር ይመር በአጥሩ በኩል ብቅ አለ።

«ምን ሊያደርጉት ነው ጋሼ?»

«ስሌይ።»

«በየትኛው ፍቺው?»

እኔ ከመመለሴ በፊት ሙክቱ አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ አልሄድም አለ። የገባው እሱ ነው።