ክቡር አምባሳደሩ ተነሥተው የወጡበት ምክንያት

ታላቅ ጦርነት ያለ ታላቅ ምክንያት አይነሣም ይላሉ አዋቂዎች። አዋቂዎች ደግሞ አይሳሳቱም፤ ቢሳሳቱማ ኖሮ አዋቂ ባልተባሉ። ስለዚህ ዘጠኝ መንግሥታትን ያሳተፈው የዚያ ዓመት ጦርነት መነሻው እጅግ ታላቅ፣ እጅግም ጥልቅ እንደነበር አንባቢ ከወዲሁ ይረዳልን። ምክንያቱ በጠቅላላው አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጅቷል። ቦታውም ከውስጥ የምትቆለፍ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች።

ይህን ምክንያት አብጠርጥሮ የሚያውቅ በሀገሪቱ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የፕሮቶኮል ሹም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ሲያስገባና ሲያስወጣ «ይቅደሙ» እያለ ስለኖረ፣ የእናት የአባቱን ስም የሚጠራው ቀርቶ የሚያስታውሰውም ጠፍቶ ጋሽ ይቅደሙ ተብሎ ቀረ። ማን በማን ቀኝ እንደሚቀመጥ፣ የማን ባንዲራ ከማን ባንዲራ ጎን እንደሚቆም፣ ለየትኛው ማዕረግ ምን ያህል ጎንበስ እንደሚባል ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የሙያው አንደኛ ትእዛዝ ደግሞ «እንግዳ ሲያፍር ያየ ዓይን አላየም» የሚል ነው። ጋሽ ይቅደሙ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር አላየም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎረቤት ሀገር ጋር የተመሠረተው ወዳጅነት ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር የምሳ ግብዣ ተደረገ፤ ክቡር ሚኒስትሩም ሃያ ሁለት ገጽ ንግግር ይዘው ቆሙ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ደርሰው «ይህን ወዳጅነት የሚያናውጥ አንዳችም ኃይል...» ሲሉ የጎረቤቲቱ አምባሳደር ድንገት ብድግ አሉ። ሳይሰናበቱ፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ፣ ወንበራቸውን ገፍተው ወደ በሩ ነጐዱ። ጋሽ ይቅደሙ እንደ ልማዱ በሩን ከፈተ።

«ይቅደሙ፣ ክቡር አምባሳደር።»

«የት ነው?» አሉት አምባሳደሩ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ።

«ምኑ ክቡርነትዎ?»

«ሰውዬ፣ ምኑ ትለኛለህ? የት ነው!»

ገባው። አምባሳደር አይሮጥም፤ ስለዚህ ኮሪደሩን በጣም በፍጥነት ተራመዱት እንበል። በሩ ላይ ሲደርሱ ኮታቸውን ከነኒሻኑ አውልቀው ለጋሽ ይቅደሙ አስታቀፉትና ገቡ። እሱም አሥራ አንድ ደቂቃ ኮት ታቅፎ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። በበሩ በኩል ስለሰማው ነገር እኛም አንናገርም። አምባሳደሩ ሲወጡ የዓመት በሽተኛ መስለው ነበር።

«በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ ይኼን ሰው እንዳይሰማ» አሉት።

«እኔ ምን አይቼ ነው ክቡርነትዎ?»

«ሆድ ይፍጀው በለኝ።»

«ሆድ ይፍጀው» አለ ጋሽ ይቅደሙ። አምባሳደሩም በጓሮ በር ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ ጋዜጦቹ ሁሉ «አምባሳደሩ ንግግር ረግጠው ወጡ» ብለው ወጡ። መሥሪያ ቤቱም ወዲያው የቅሬታ ደብዳቤ ጻፈ። እዚህ ላይ ስለዚህ ድንቅ የሥራ ክፍል ጥቂት ማለት ግድ ነው። የቅሬታ ደብዳቤ ሰባት ደረጃ አለው። አንደኛው «አዝነናል» ነው፤ ከዚያ «በጣም አዝነናል»፣ ከዚያ «በእጅጉ አዝነናል» እያለ ወጥቶ ወጥቶ ሰባተኛው ላይ «ለሚደርሰው ሁሉ ተጠያቂ አይደለንም» ይላል። ደንቡ አንድ ነው፤ የሚላከው መልስ ከመጣው ደብዳቤ በአንድ ደረጃ መብለጥ አለበት። እኩል መጻፍ ፈሪነት፣ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ክህደት ነው። የጎረቤቲቱም መሥሪያ ቤት ይህንኑ ደንብ በታማኝነት ይከተል ነበር፤ የሁለቱንም ጸሐፊዎች ያሠለጠነው አንድ መምህር ነውና። ሰኞ ማለዳ «አዝነናል» ተብሎ የተጀመረው ነገር ሐሙስ ከምሳ በፊት ሰባተኛው ላይ ደረሰ። ከሰባት በኋላ ምን እንደሚጻፍ መመሪያው አይናገርም። ጸሐፊው ግራ ቢገባው አለቃውን ጠየቀ፣ አለቃው ጄኔራሉን ጠየቀ፣ ጄኔራሉ ግን ለመልስ አልተቸገሩም። ታንኮች ወደ ድንበሩ ለልምምድ ሄዱ። ከማዶም ለልምምድ መጡ።

የጋሽ ይቅደሙ አንድያ ልጅ ወታደር ነው፤ ያለውም እዚያው ድንበር ላይ፣ ከድልድዩ አጠገብ ባለው ኬላ ነው። ግዴታውን ሊጨርስ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። እናቱ ክፍሉን ቀለም አስቀብታ፣ መጋረጃውን አጥባ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውላ ቀን ትቆጥራለች። የዚያን ዕለት ምሳ እየበሉ ሬዲዮኑ «ከዛሬ ጀምሮ የሚሰናበት ወታደር የለም» አለ። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔን የማይገባኝ» አለች፣ «ሰውዬው ቆይ ምን ሆኖ ነው ተነሥቶ የወጣው?»

ጋሽ ይቅደሙ አቀርቅሮ ያላምጣል።

«አንተ ሰውዬ! የምታውቀው ነገር አለ።»

«የሙያ ምስጢር ነው።»

«ምስጢርህን ልጄ ይሙትልህ?»

ይህን ሲሰማ ነገራት፤ ከብድግታው እስከ ኮቱ። መጀመሪያ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ጠረጴዛውን እየመታች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ እንባው ሳቁን ትቶ ለብቻው ይወርድ ጀመር።

«እኔ ልጄን በሰው ተቅማጥ ልነጠቅ ነው?» አለች። «አሁኑኑ ሄደህ ትናገራለህ። ካልተናገርክ እዚህ ቤት እንዳትመለስ!»

ሚኒስትሩ ቢሯቸው ውስጥ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር ሲፈልጉ ደረሰባቸው።

«ክቡር ሚኒስትር፣ አምባሳደሩ የወጡት ሆዳቸውን አሟቸው ነው።»

«ማን አለ?»

«ኮታቸውን ይዤ ቆሜያለሁ።»

ሚኒስትሩ ትንሽ አሰቡ። «ስለዚህ በንግግሬ አልተቆጡም?»

«ኧረ የሰሙትም አይመስለኝም!» አለ ጋሽ ይቅደሙ፣ ያጽናናቸው መስሎት።

ሚኒስትሩ ቀሉ። ሃያ ሁለት ገጽ ጽፎ ሰው ረግጦት መውጣቱ የሀገር ስድብ ነው፤ ጨርሶ አለመስማቱ ግን የግል ነው።

«ስማኝ» አሉ። «ትናንት ምክር ቤት ቆሜ 'ይህ የሕዝባችን ክብር ነው' ብያለሁ። ሕዝቡ ቆሞ አጨብጭቧል። ዛሬ ተመልሼ 'ይቅርታ፣ ለካ ሽንት ቤት ኖሯል' ልበል?»

«እውነቱ እሱ ነው፣ ክቡር ሚኒስትር።»

«እውነትም እኮ ደረጃ አለው። ይኼኛው ለዚህ መሥሪያ ቤት አይመጥንም። ውጣ!»

ከበሩ እንደወጣ ስልክ አንሥቶ በቀጥታ ወደ ባለጉዳዩ ደወለ። አምባሳደሩ ወደ ሀገራቸው ተጠርተው የጀግና አቀባበል ከተደረገላቸው አራተኛ ቀናቸው ነበር።

«ክቡር አምባሳደር፣ እኔ ነኝ፤ ኮትዎን የያዝኩት።»

«የምን ኮት?»

«ልጄ ድንበሩ ላይ ነው። አንዲት ቃል ቢናገሩ...»

«ሰውዬ፣ በስሜ አደባባይ ተሰይሟል። ሐውልቴም ተጀምሯል፤ ከወንበር ስነሣ ነው የሚቀርጹኝ። እኔ የወጣሁት ለመርሕ ስል ነው!»

«መርሑ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው እኮ የቆየው፣ ክቡርነትዎ።»

ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘጋ።

የመጨረሻ የሰላም ሙከራ እንዲደረግ የወሰነው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ በኋላ ግን ብዙ ሰው እኔ ነኝ ብሏል። ድልድዩ መሐል ላይ ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ ግማሹ በዚህ ሀገር፣ ግማሹ በዚያኛው። ጋሽ ይቅደሙ የወንበሮቹን ከፍታ በሜትር ለክቶ አስተካከለ። ሁለቱ ሚኒስትሮች ተቀምጠው ሰባተኛ ደረጃ ደብዳቤዎቻቸውን እየተነባበቡ ሳለ፣ ዓይኑ ወደ ድልድዩ ጫፍ ሸሸ። ልጁን አየው። ከስቷል፣ ፀሐይ አጥቁሮታል፤ የራስ ቁሩ ቅንድቡ ላይ ወርዶበት ከማዶ ያለውን ወታደር ይመለከታል። ከማዶ ያለውም እንደሱው ለጋ ልጅ ነው። ጋሽ ይቅደሙ ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀው ትእዛዝ በአንዴ በነነ።

«ክቡራን፣ ይቅርታ!» ብሎ ጮኸ። «ሰውዬው ተቅማጥ ይዟቸው ነው!»

የጎረቤቲቱ ሚኒስትር እስክሪብቶአቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ተቅማጥ?»

«አጣዳፊ! ኮታቸውን ይዤላቸው ነበር። ልጆች ሊያልቁ ነው፣ በፈጠራችሁ!»

እንግዲህ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ከሁለቱ አንዳቸውም ጦርነቱን አልፈለጉትም ነበር። የኛው ሚኒስትር ደብዳቤያቸውን ሲያጥፉና ሲዘረጉ፣ የማዶው አምስተኛ ብርጭቆ ውኃ ሲጠጡ ነው የቆዩት። ተያዩ። በአፍንጫቸው ሳቅ አመለጣቸው። ከዚያ በአፋቸው። ከዚያ ተነሥተው ተቃቀፉ። በወንዙ ግራና ቀኝ ያለው ወታደር ሁሉ ጉዱን ባያውቅም ሲተቃቀፉ ስላየ በደስታ ጮኸ። ጋሽ ይቅደሙ የድልድዩን ብረት ይዞ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። ዳሩ ግን ሁለት መንግሥታት ሦስት ሳምንት ሙሉ የተቆጡትን ቁጣ ወንዝ ውስጥ ደፍተው ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት ሊገቡ አይችሉም። ይህን ያስታወሱት የኛው ሚኒስትር አማካሪ ናቸው።

«ክቡራን፣ ለሕዝቡ ምን ልንለው ነው?»

ሳቁ ቆመ። የጎረቤቲቱ ሚኒስትር አገጫቸውን አሻሹ።

«ለመሆኑ አምባሳደራችን ምን በልተው ነው?»

«የእንጉዳይ ሾርባ» አለ ጋሽ ይቅደሙ፣ አሁንም እንባውን እየጠረገ።

«እንጉዳዩስ የማን ነው?»

ሲጠየቅ ያልመለሰበት ቀን የለምና ወገቡን አቀና። «ከተራራው ማዶ ያለችው ወዳጅ ሀገር ለበዓሉ የላከችው ስጦታ ነው። ሃምሳ ሣጥን። ተቀብዬ የፈረምኩት ራሴ ነኝ።»

ሁለቱ ሚኒስትሮች እንደገና ተያዩ። አሁን ግን ሳቅ አልመጣም።

«ከተራራው ማዶ!» አሉ አንደኛው።

«ኧረ ሁላችንም በልተነዋል!» አለ ጋሽ ይቅደሙ ደንግጦ። «እኔም በልቻለሁ፣ ክቡር ሚኒስትርም ሁለት ሳህን በልተዋል፤ ማንም ምንም አልሆነም!»

«አየህ!» አሉ አማካሪው ጣታቸውን ቀስረው። «እሳቸውን ብቻ ለይተው መርዘዋል!»

የጋራ መግለጫ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተጻፈ። ከአንደኛ ደረጃ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው ተብሎ በቀጥታ ከሰባተኛው ተጀመረ። የተራራው ማዶዎቹ እንጉዳያችን ተሰደበ ብለው ሦስት የቃል ኪዳን ወዳጆቻቸውን ጠሩ፤ እነዚህኞቹም በበኩላቸው ሦስት ጠሩ። ከተጠሩት መካከል እንጉዳይ አይቶ የማያውቅ መንግሥት ነበረ፤ ቃል ግን ቃል ነው ብሎ መጣ። የአምባሳደሩ ሐውልትም ሥራው አልተቋረጠም። ጽሑፉ ብቻ «ተመርዘው እንኳ በእግራቸው የወጡ» ተብሎ ተሻሻለ።

ጋሽ ይቅደሙ ከሁለቱም ሀገሮች የሰላም ኒሻን ተሸለመ። ሚኒስትሩ ራሳቸው ደረቱ ላይ ሰኩለት፤ የጭነት መኪኖቹ ሞተር አስነሥተው ይጠብቁ ስለነበር ንግግራቸው አራት ገጽ ብቻ ነበር። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አገኛት።

«ልጅህ ነው» አለችና ድምፁን ከፈተችው።

«አባዬ! ከማዶዎቹ ጋር ታረቅን እኮ! አሁን አንድ መኪና ላይ ነን፤ ያ ፊት ለፊቴ ይቆም የነበረው ልጅ ከጎኔ ተቀምጧል። በጣም ጨዋ ልጅ ነው። ወደ ተራራው እየወሰዱን ነው።»

«መቼ ትመለሳለህ፣ የኔ ጌታ?» አለች እናቱ።

«አልነገሩንም፣ እማዬ።» የሌሎች ልጆች ሳቅ ከኋላው ተሰማ። «አባዬ፣ እዚህ ልጆቹ የምንዋጋው በሾርባ ነው እያሉ ይስቃሉ። እውነት ነው እንዴ?»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ጋሽ ይቅደሙ ደረቱ ላይ ያለውን ኒሻን አቃና።

«የምን ሾርባ!» አለ። «ማነው ይኼን የሚያወራው? የሀገር ክብር ነው፣ ልጄ።»

«እሺ፣ እንደሱ ከሆነ ይሻላል፣ አባዬ» አለ ልጁ። መኪናው ዳገቱን ሲይዝ መስመሩ ተቋረጠ።